ሦስት ኪሎ ተኩል ክሎሪን

ማትሱዬ፣ ሰኔ 12

የኔ ኮሄይ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እዚህ ዝናቡ ገብቶ ልብስ አልደርቅ ብሏል። መሥሪያ ቤትህ ብቻህን ሳፖሮ ከላከህ ወዲህ ከኑድል ሌላ እንደማትቀቅል አውቃለሁና እባክህ አትክልትም ብላ። ይህን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፤ ግን ቤታችን ጠባብ ነው፣ ልጅህ ደግሞ የማትሰማው ነገር የለም።

ነገሩ የትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ነው። በሚያዝያ ልጃችን ቺሆ የምትማርበት ትምህርት ቤት ስመደብ፣ አዲስ ገቢ ናት ብለው የገንዳውን ኃላፊነት እኔ ላይ ጫኑት። በድሮው ትምህርት ቤቴ ልጆቹ ገንዳውን ከመፈግፈጋቸው በፊት ከዓምና የቆመው ውሃ ላይ ክሎሪን እንበትን ነበር፤ አረንጓዴው ዝልግልግ ይሞታል፣ ሥራው ይቀላል። እናም አርብ ማታ መጠኑን ላሰላ ተቀመጥኩ። ቺሆ አጠገቤ መጣች። የገንዳውን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ሰጠኋትና አባዛችው፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ኩብ። ለእያንዳንዱ አሥር ግራም። ዱቄቱ ንጹሕ ክሎሪን ስላልሆነ ማካፈሉን እኔ ሠራሁት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ወጣ።

እያባዛች ታወራ ነበር።

«እማዬ፣ የውሃ ተርቦቹን እጮች እኮ ሰኞ ነው የምንይዛቸው። ገንዳው ሥር ጭቃው ውስጥ ናቸው። ክፍላችን እናሳድጋቸዋለን፣ ከዚያ ክንፍ አውጥተው ይሄዳሉ።»

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ በይ በአሥር አባዢው» አልኳት።

ከየካቲት ጀምሮ የትምህርት ቤቱን በር አልረግጥም ያለች ልጅ፣ ለእነዚያ እጮች ስትል ሰኞ እሄዳለሁ ብላለች። መረብዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ጠዋት ማታ የምታወራው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ልቤ ቁጥሩ ላይ ነው። መምህራኑ ሁሉ እጮቹ መጀመሪያ እንደሚወጡ የማውቅ መስሏቸው አልነገሩኝም፤ የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሷንም አልሰማኋትም። ቅዳሜ ሄጄ በተንኩት።

ሰኞ ጠዋት እጄን ይዛ በሩን አለፈች። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርህ። የእሷ ክፍል ልጆች፣ አራተኛ ክፍሎቹ፣ ባልዲና መረብ ይዘው ገንዳውን ከበቡ። ውሃው ጠርቷል፣ እጮቹ ከላይ ተንሳፍፈዋል። አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

«መምህርት ኒሺዶ፣ ምንድን ነው የሆነው?» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

«ምናልባት ስሌቱ ላይ ስህተት ተፈጥሮ ይሆናል» አልኩ።

ስሌቱ ምንም ስህተት አልነበረበትም። ጥፋቱ መበተኑ ራሱ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ቆሜ «ልጄ ስትነግረኝ አልሰማሁም» ከማለት፣ ቁጥር ተሳሳተ ማለት ቀለለኝ። ቺሆ ከኋላዬ ነበረች። መረብዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ቤት ተመለሰች።

ማታ ሩዙን እየነካካች «ማባዛቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«ማን ያውቃል፤ አሁን እራትሽን ብይ።»

ማን ያውቃል! ምላሴን በቆረጠው። እኔው እያወቅሁ።

ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። የክፍሏ አስተማሪ በእረፍት ሰዓት እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ። ቺሆ ተማሪዎቹ ፊት ቆማ ጎንበስ ብላ፣ «የእናቴን ሂሳብ አሳስቼ እጮቹን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» አለች። አንዱ ልጅ «ድሮም ሂሳብ አትችይም፣ ነይ ቁጭ በይ» አላት፤ ሳቁና ቦታዋን ለቀቁላት። መምህራኑ በየተራ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጅሽ ተመለሰች» አሉኝ። እኔም ለሁሉም ጎንበስ እያልኩ አመሰገንኩ። አመሰገንኩ ነው የምልህ፣ ኮሄይ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ቤት ስንገባ አላስቻለኝም።

«ቺሆ፣ ማባዛትሽ እኮ ልክ ነበር።»

«አውቃለሁ። ሰኞውኑ በካልኩሌተር አየሁት።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አልሽ?»

ጫማዋን እያወለቀች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንቺ በየቀኑ እዚያ መሄድ አለብሽ። እኔ ቢጠሉኝ ቤት መዋል ለምጃለሁ» አለችኝ።

ይህን የምጽፍልህ እሷ ገላዋን እየታጠበች ነው፤ ስትዘፍን ይሰማኛል። ነገ ጠዋት ክፍሏ ገብቼ ስሌቱ ልክ እንደነበረ፣ ያልሰማሁት እኔ እንደሆንኩ እነግራቸዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተናግሬያለሁ ማለት ነው። ተናግሬ እንደሆነ እሷን ጠይቃት እንጂ እኔን አትጠይቀኝ።

በጤና ያቆይልኝ፤ ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅህ።

ያንተው ሳዋኮ