ነጂም አውራጅም የነበሩት የአቶ ምባኪሶ ሃባንጋና የሕይወት ታሪክ

አቶ ምባኪሶ ሃባንጋና ከአባታቸው ከአቶ ንትሻፔዲ ሃባንጋና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጆይሲ ሞሴካ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1967 በቱቱሜ መንደር ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው ሁለተኛ ደረጃን ሁለት ዓመት እንደተማሩ፣ አባታቸው ከጆሃንስበርግ የማዕድን ማውጫ ሥራ ሳንባቸው ተጎድቶ ተመልሰው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋረጡ። ታናናሾቻቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከእነዚያ ታናናሾች አንዱ ይህን ጽሑፍ በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ዚባኒ ነው።

ወደ ፍራንሲስታውን ከተማ ገብተው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ በ1992 በአንድ የጅምላ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት በሾፌርነት ተቀጠሩ። በ1995 ከወይዘሮ ቼድዛ ምፖፉ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሉዶንና ታባኒን አፈሩ። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ፤ የማያውቋቸው ሰዎች ድምፁ ከማን እንደሚወጣ ዞር ብለው ያዩ ነበር።

በ1998 አለቃቸው ቢሮ ገብተው፣ «ቁጥር የሚችል ወንድም አለኝ። የኔን ጉልበት ወስዳችኋል፣ የሱን ተዉለት፤ ወንበር ስጡት» አሉ። ዚባኒ በስምሪት ክፍል ወንበር ተሰጠው። የትኛው ሾፌር ምን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ የሚጽፈው እሱ ሆነ።

እስከ 2004 ድረስ ከእያንዳንዱ መኪና ጋር ሁለት አውራጆች ይሄዱ ነበር። በዚያ ዓመት ድርጅቱ አውራጆቹን አሰናበተ። አለቃው ሾፌሮቹን ሰብስቦ፣ «ዕቃ ደረሰ የሚባለው ከመኪናው ሲወርድ ነው» አላቸው። አቶ ምባኪሶ ከዚያ ቀን ጀምሮ በማይቴንግዌ መንገድ በአሥራ አንድ ሱቆች ደጃፍ የበቆሎ ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ዘይቱን ብቻቸውን ያወርዱ ነበር። ሱቆቹ ማራገፊያ መድረክ የላቸውም፤ ከመኪናው እስከ በሩ ያለው አሸዋ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ሲንገጫገጭ የቆየ ወገብ ሳይፍታታ ጆንያ ስር ይገባል። ከዚያ ላባቸው ሳይደርቅ ተመልሰው መሪ ይይዛሉ፤ ቀጣዩ ሱቅ ላይ እንደገና ይወርዳሉ።

በ2009 ግራ ጉልበታቸው አበጠ። በ2012 በዚሁ መንገድ ንካንጌ የምትባል መንደር ላይ ስኳር ሲያወርዱ የቀኝ ትከሻቸው ጅማት ተበጠሰ፤ የቀረውን ጭነት በግራ እጃቸው ጨረሱ፣ በማግስቱም ሥራ ገቡ። ከዚያ በኋላ ጢማቸውን የሚላጩላቸው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፉላቸው ወይዘሮ ቼድዛ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ማስታገሻ ክኒን በባዶ ሆድ ይውጣሉ። «የሉዶ አባት፣ ይሄ ነገር ይገድልሃል» ሲሏቸው፣ «ካልዋጥኩት ጆንያው አይነሳም» ይሉ ነበር።

በ2016 ከጆንያ ጋር ከመኪናው ላይ ወደ ኋላ ወደቁ። ሐኪሙ የወገባቸው ዲስክ መንሸራተቱን ነግሯቸው ከአሥር ኪሎ በላይ እንዳያነሱ ጻፈላቸው። ወረቀቱን ይዘው የሄዱት ወደ ስምሪት ክፍል ነው።

«ዚባ፣ የከተማውን መንገድ ስጠኝ» አሉ። «እዚያ ዕቃ የሚያወርድ ፎርክሊፍት አላቸው። ነድቼ ብቻ ልመለስ።»

«ታላቄ፣ ለወንድሙ አደላ ይሉኛል። ይህቺን ሳምንት ብቻ ቻላት።»

«ሳምንት ነው ያልከኝ?»

«ሳምንት።»

ያ ሳምንት አሥራ አራት ወር ሆነ። አድልዎ ነው ያለ ሰው አልነበረም፤ ዚባኒ የፈራው ለወንበሩ ነው። በየሰኞው «ምባኪሶ፣ ማይቴንግዌ» ብሎ የጻፈውም የሱ እጅ ነው።

በ2017 ንካንጌ ላይ እግራቸው ከዳቸው። የሱቁ ደንበኞች ከጆንያዎቹ መካከል አንስተው ሆስፒታል አደረሷቸው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በምርኩዝ መራመድ እንደጀመሩ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ «ዕቃ ለማውረድ ባለመቻላቸው» ይላል። የተቀጠሩት በሾፌርነት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመዘምራኑ መካከል ተቀምጠው ዘመሩ፤ በኋላም ቀሩ። ለዓመታት የዋጡት ማስታገሻ ኩላሊታቸውን ጨርሶት ስለነበር ከ2021 ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ይደረግላቸው ነበር።

በመጨረሻው ሳምንት ዚባኒ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ «አንተ ባትጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር፣ አውቃለሁ። ሌላው ሰው ግን ወንድሜ አልነበረም» አሉ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዲያዞሩላቸው ወይዘሮ ቼድዛን ጠየቁ።

አቶ ምባኪሶ ሰኔ 14 ቀን 2024 በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ድርጅቱ የአበባ ጉንጉንና በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገባለት የሚፈልገውን አንድ ዓረፍተ ነገር ልኳል፦ «ለሃያ አምስት ዓመታት አንድም ቀን ሳይቀሩ በደስታ አገለገሉ»። አለመቅረታቸው እውነት ነው። ቤተሰቡ የሕይወት ታሪኩን ማን ይጻፍ ብሎ ሲመካከርም ወይዘሮ ቼድዛ ወደ ዚባኒ ዞረው፣ «አንተ ጻፈው። የጭነቱን ወረቀት ስትጽፍ የኖርከው አንተ ነህ። አንዲት ነገር እንዳታስቀር» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ቼድዛ፣ ልጆቻቸው ሉዶና ታባኒ፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ሁለት እህቶችና አንድ ወንድም በሐዘን ተቀምጠዋል።

አስከሬናቸውን ወደ መቃብር የሚሸከሙት ስድስት የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ዛሬ መኪናቸውን አቁመው መጥተዋል። ከስድስቱ ሦስቱ በኮታቸው ስር የወገብ መደገፊያ አስረዋል። ወንድሞች፣ ስታነሱ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ቀስ በሉ፣ የሚያጣድፋችሁ የለም።

እግዚአብሔር የአቶ ምባኪሶን ነፍስ ይቀበል፤ ሸክም በሌለበት ያሳርፋቸው። አሜን።