በአረፋና በቅበላ መካከል

ረቡዕ፣ ጥር ፲፱። ከት/ቤት መልስ።

ዛሬም ትክክለኛ መልስ አጠፉብኝ። ተማሪው ሰሌዳው ላይ ስሌቱን አሳምሮ ሠራ። ዞሮ አየኝ። እኔም እንደ አገሬ እንደ ህንድ ልማድ ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ ወዝወዝ አደረግሁ። «ጎበዝ» ማለቴ ነው። እሱ «ስህተት» ያልኩት መስሎት ሁሉንም በዳስተር ጠርጎ ተቀመጠ። ከመስከረም ጀምሮ እንዲሁ ነን። እንዳይወዛወዝ አንገቴን በገመድ ማሰር ሳይሻለኝ አይቀርም።

የእነሱም ቢሆን አይቀልም። አስካለ «አዎ» ለማለት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። መጀመሪያ ሰሞን አስም ያለባት መስሎኝ ውሃ ይዤላት ሮጫለሁ። አስካለ የአማርኛ መምህርት ናት፤ ሸዌ፤ ባሏ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። በዚህ ከተማ ጓደኛዬ የምላት እሷን ነው። ከመስኮቴ ፊት ያለውን እንሰት «ይህ ሙዝ መቼ ነው የሚያፈራው?» ብዬ መምህራን ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ያልሳቀች እሷ ብቻ ነበረች። ቤቷ ወስዳ ቆጮ አበላችኝ። ከዚያ ወዲያ እንሰትና ሙዝ ለይቻለሁ።

ዝናብ የለም። ቀይ አቧራ ልብሴ ውስጥ፣ ደብተሬ ውስጥ፣ ሻዬ ውስጥ።

ዓርብ፣ ጥር ፳፰። ማታ።

ግቢው ተተረማምሷል። ነገ አረፋ ነው። አከራዬ ወ/ሮ ዘይነባ ከፊት ለፊት ሱቅ አላት፤ መኖሪያቸው ከሱቁ ኋላ፤ የእኔ ክፍል ከጓሮ። ባሏ አቶ ነስሩ ከይርጋጨፌና ከገደብ ቡና በጭነት መኪና ያመላልሳሉ። ቤት የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው፤ ሲገኙም ዝም ያሉ ናቸው። ዛሬ በጊዜ ገብተዋል።

በጉ የታሰረው መስኮቴ ሥር ነው። ሲጮህ ውሏል። ዘይነባ በሬን አንኳኩታ ነገ ምድጃ እንዳልለኩስ አዘዘችኝ። ከአገሬ ከወጣሁ በበዓል ቀን «አታብስይ» ያለኝ ሰው የለም። ደስ ብሎኛል። ምን እንደምለብስ እያሰብኩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር ፳፱።

ሩዝ! ዘይነባ ለእኔ ብላ ሩዝ አስመጥታለች። ከበጉ ወጥ ጋር፣ በእጄ፣ እንደ እናቴ ቤት። ልጆቿ ተሰብስበው አዩኝ፤ ፈረንጅ በማንኪያ ብቻ የሚበላ መስሏቸው ነበር። እኔ ፈረንጅ ነኝ ወይስ ህንድ? እሱም ክርክር አስነሣ።

አቶ ነስሩ በእኛ አገር እስላም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንዴታ! በአባቴ መንደር ሥጋ ሻጩ እስላም ነው፤ ክርስቲያኑም ከእሱ ይገዛል አልኳቸው።  ሚስታቸውን አዩ፤ እሷም አየቻቸው። አስተያየታቸው አልገባኝም። ሁለተኛ ሰሃን ሞላችልኝ።

እንደ ዛሬ ጠግቤ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ የካቲት ፪።

ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም ነበር። በሻይ ሰዓት አስካለ አጠገብ ስቀመጥ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች። ከትምህርት በኋላ ባንዲራው ሥር ጠብቃ ያዘችኝ።

«የእስላም ሥጋ በላች ይላሉ። ውሸት ነው በይኝ።»

«በላሁ። በጣም ጥሩ ነበረች።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እዚህ ክርስቲያን እስላም ያረደውን አይበላም፤ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን። ጥላቻ አይደለም አለች። ጎረቤት ነን፣ እንዋዋሳለን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን፤ የሚለየን ቢላዋ ብቻ ነው። «አንቺ ደግሞ አንገትሽ ላይ መስቀል አለ። ሰው ምን ይበል?»

ከሁሉ የከፋው ይኸው ነው፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያን ከፋሲካ በፊት ረጅም ጾም አለ። ከጾሙ በፊት ባለችው እሑድ እናቴ ለሰኞ ሥጋ እንዳይተርፍ ድስቱን ሁሉ ታሟጥጣለች። ይህን ለአስካለ የነገርኳት ዕለት «ቅበላ ነዋ!» ብላ ጮኻ አቅፋኝ ነበር፤ የዘንድሮን ቅበላ ከእኛ ጋር ነው የምታሳልፊው አለችኝ። አሁን አማቷ እማማ የሺ፣ ጠበል ሳትረጭ ከእኔ ማዕድ አትቀርብም ብለዋል።

አስካለ መላ ዘይዳለታለች። እሑድ በማለዳ ከቄሱ ጋር፤ አጭር ጸሎት፤ አለቀ። ማንም አያየኝም።

እሺ አልኳት። ቤት ስገባ ግን ዘይነባን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት ፬።

ዘይነባ ሰምታለች። ከትናንት ጀምሮ በሬን አታንኳኳም። ሳሙና ልግዛ ብዬ ሱቋ ገባሁ። ለአንዲት ሴትዮ ስኳር እየመዘነች ነበር። ሴትዮዋ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ጥፋቱ የኔ ነው ማርየማ። ፈረንጅ ሃይማኖት የለውም ሲሉ እሰማለሁ። መስቀልሽን ጌጥ መስሎኝ ነበር። ባውቅ ኖሮ ክርስቲያን ጠርቼ ዶሮ አሳርድልሽ አልነበር? ለስንት እንግዳ አድርጌዋለሁ!»

«እትዬ ዘይነባ፣ እኔ…»

«ሂጂ ተረጪ። እኔ አልቀየምም።»

ሳሙናውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጠቅልላ ስትጨርስም ቀና አላለችም።

ከሰዓት ዳይሬክተሩ አስጠሩኝ። ት/ቤቱ አጠገብ ካሉት የመምህራን ቤቶች አንዱ ሊለቀቅ ነው። «ለእርስዎም ይሻላል፤ ሰውም አያወራ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋት የላቸውም። ላስብበት አልኳቸው።

ደክሞኛል። አገሬ ናፈቀኝ። ባሕሩ እንኳ ሳይሆን ማንም ምን እንደምበላ የማይጠይቅበት ቤት።

ቅዳሜ፣ የካቲት ፮። ከምሳ በኋላ።

ጠበሉ ለነገ ነው። ጠበል አልጠላም። አገሬ ብሆን በደስታ እጠጣዋለሁ። ግን ከምን ልታጠብ? ከዚያ ሩዝ? ሁለተኛ ሰሃን ከሞላልኝ እጅ?

ተነሥቼ አስካለ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆመን ተነጋገርን። ከእንግዲህ የአገሩን ሥርዓት አከብራለሁ፤ እስላም ያረደውን አልበላም፤ ያለፈውን ግን እርኩስ ነበር ብዬ አልረጭም አልኳት። ይህን ሁሉ በዚህ ሰባራ አማርኛዬ። «ሥጋዋ እርኩስ አልነበረችም፤ ዘይነባም እርኩስ አልነበረም» አልኩ መሰለኝ።

«አልነበረችም» አለች አስካለ። «ዘይነባ ሴት ናት፤ ሥጋው ነው ወንዱ።» ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ወዲያው እማማ የሺ ከውስጥ ተጣሩ። ገባች። በሩ ተዘጋ።

ቅበላ ቀረ። ይቅር።

ረቡዕ፣ የካቲት ፲።

ብቻዬን ሻይ ስጠጣ አቶ በራሶ መጥቶ ተቀመጠ። የጂኦግራፊ መምህር፤ ጌዴኦ፤ የዱመርሶ መንደር ልጅ፤ ሚሲዮን የተማረ። ቀልደኛ ነው። በእኛ ቤትም ይሄው ነው አለኝ፤ አባቱ ወንጌል ሲያምኑ ብዙ ነገር ትተዋል፣ የቢላዋውን ነገር ግን አልተዉም።

ከዚያ ራሱን አከከና «ለመሆኑ እንቁላል ማን ነው የሚያርደው?» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ሻዩ ትን አለኝ።

እንቁላል! እናቴ በቅመም የምትሠራው የእንቁላል ወጥ! ቢላዋ የማይነካው። በራሴ ክፍል፣ በአዲስ ድስት። ወዲያው ዘይነባን ጋበዝኳት። አስካለ ትመጣለች ወይ አለች፤ አላውቅም አልኩ። እሷ ከመጣች እመጣለሁ አለች፤ ደግሞ ዞር ብላ፣ ባትመጣም እመጣለሁ።

አስካለን በኮሪደር አገኘኋት። እሑድ ከሰዓት፣ እንቁላል ብቻ፣ ዘይነባም አለች አልኳት። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ሄደች። አዎ ነው? ወይስ ማዘኗ ነው? እንጃ።

እሑድ፣ የካቲት ፲፬። ማታ።

ዝንጅብል፣ እርድ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ። ኮኮናት የለም፤ በወተት ሠራሁት። ሩዝ። የተጠበሰ ሙዝ፤ እውነተኛ ሙዝ።

ዘይነባ ቀድማ መጣች። ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው። ጠበቅን። ወጡ በረደ፤ አሞቅሁት። እንደገና በረደ። እንብላ ልል ስል አስካለ መጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ላብ ወጥቷት። ከቤቷ ቅበላ ተነሥታ ነው የመጣችው፤ ጠግባለች።

ሁለቱም ድስቱን ያያሉ። እኔም አማርኛው ሁሉ ጠፋኝ።

«እንኳን አደረሰሽ» አለች ዘይነባ በመጨረሻ።

«አብሮ ያድርሰን። አረፋሽስ እንዴት አለፈ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

አቀረብኩላቸው። አስካለ አንድ እንቁላል ቆርሳ ቀመሰች። «ያን ጊዜ ንፍሮ ነበር የቀቀልሽልኝ» አለች፣ ዘይነባን ሳታይ።

ስለ ምን እንደምታወራ አልገባኝም ነበር። ዘይነባ ነገረችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። አስካለ እዚህ በመጣች ሰሞን፣ ዘመድ በሌላት ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጇ ሞተባት። ዘይነባ ስንዴና ባቄላ ቀቅላ ለቅሶ ቤቷ ይዛ ሄደች፤ ሦስት ቀን ከጎኗ አልተነሣችም። ሁለቱም ስለዚያ አውርተው እንደማያውቁ ከፊታቸው አየሁ።

«ወንድ ነበር» አለች አስካለ።

«አውቃለሁ። እኔ አቅፌዋለሁ።»

አስካለ አለቀሰች። ዘይነባ እጇን የአስካለ ጉልበት ላይ አደረገች። እኔ ሩዙን ጨመርኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? ቀስ በቀስ ወሬ መጣ፣ ሳቅም መጣ። በበርበሬዬ ሳቁ፤ ለካ ለእነሱም በዝቷል። ጠግቤያለሁ ያለችው አስካለ ሦስት እንቁላል በላች።

ስትወጣ፣ እዚህ መምጣቷን እማማ የሺ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ነጠላዋን ከማንጠልጠያው አንሥተው የሰጧት እሳቸው ናቸው አለችኝ። አሁንም ማዕዳቸው ላይ አያስቀምጡኝም። ይሁን። ይህን ያህል ከሰጡ ይበቃኛል።

ሰኞ፣ የካቲት ፲፭።

ጾም ገባ። አስካለ በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሁለታችንም አልጠጣንም፤ የሰው ሻይ እያየን ቀለድን።

ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። ቤቱን ለሚያስፈልገው መምህር ይስጡት አልኳቸው። እርግጠኛ ነዎት? አሉኝ። ነኝ። ሰው እንዳያወራ ብዬ ነበር አሉ። እያወራ ነው፤ ለምዶታል አልኳቸው። ሳቁ።

ማታ ለዘይነባ ነገርኳት። ክፍሉን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ፣ አልሄድም።  ፋኖሷን አንሥታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና ከአጥሩ ሥር ባዶ የቀረችውን መሬት አሳየችኝ። ዝናቡ ሳይመጣ ዝንጅብልሽን ትከዪበት አለችኝ፣ ከገበያ የምትገዢው ደረቅ ነው።

አጎንብሼ አፈሩን ዳሰስኩት። ጠንካራ ነው። ነገ ከት/ቤት ስመለስ መቆፈር እጀምራለሁ።