የሻንጣው እርድ

እማዬ፣ የኔ መርማሪ፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። እዚህ አሜሪካ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያ ነጭ የውሃ ቅርፊት ዛሬም ይጋገራል፤ እኔም እንዳሳየሽኝ ኮምጣጤ አፈላበታለሁ። ያን ጊዜ ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስተሽ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይሆን እያልሽ ስታገላብጪ ትታይኛለሽ።

ከኬሚስትሪ ተማሪዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበርሽ። ተመርቀሽ ባልትና ለማስተማር ስትገቢ፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት ለማጀት ነው ወይ ብለው ያዘኑልሽ ነበሩ። አንቺ ግን የሰው ጤና ከማጀት ይጀምራል ባይ ነሽ። አገር ቤት ቅቤ ነጋዴዎቹ፣ ባዕድ ነገር የቀላቀሉበትን እንዳትለዪባቸው፣ ከሩቅ ሲያዩሽ ዕቃቸውን ይሸፍኑ ነበር። አብሬሽ ገበያ መሄድ እንዴት ያሳፍረኝ ነበር!

ዘንድሮ ግን ክፉኛ ናፈቅሽኝ። የልጅ ልጅሽ ሶልያና ደሟ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት፤ ያ የልጅ አእምሮ የሚጎዳው ብረት። እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴ ዳዊት ቧንቧውን ጠረጠረ፣ እኔ መጫወቻዎቿንና የግድግዳውን ቀለም። ሁሉም ተመርምሮ ንጹሕ ሆነ።

አንድ ቀን ከሥራ ሺፍት ገብቼ ማጀት ቆሜ፣ እማዬ ብትሆን ምን ትጠይቅ ነበር ብዬ አሰብሁ። እኛ የማንበላው፣ እሷ ብቻ የምትበላው ምንድን ነው? እኔና ዳዊት ቀይ ወጥ ነው የምንበላው። አልጫው የእሷ ነው፣ በየቀኑ። አልጫው ውስጥ ደግሞ እህትሽ ዘውዴ በሰው ሻንጣ የላከችልን እርድ አለ። የአሜሪካውን ሁሉ ስንጠረጥር፣ ከአገር ቤት የመጣውን ማን ይጠርጥር! ወስጄ አስመረመርሁት። እሱው ነበር፤ ቢጫው እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ተቀላቅሎበታል።

አክስቴ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች፣ ኋላ አለቀሰች። ቀለሙ ደማቅ ነው ብላ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ነበር የገዛችው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚለው ተረት ላንቺ የተተረተ ይመስለኛል። ሥሩን ገዝተሽ፣ አጥበሽ፣ አድርቀሽ ራስሽ ትፈጪ ነበር፤ እኔ ግን ግትርነት ይመስለኝ ነበር። ታውቂ ነበር? ወይስ እንዲያው ሆድሽ ጠርጥሮ? ይሄን ባውቅ ምን አለ!

አሁን እኔም ሥሩን ገዝቼ እፈጫለሁ። በልጅቷ ደም ውስጥ ያለው መጠን እየወረደ ነው፤ ሐኪሟም ደስ ብሏታል።

ትናንት ሶልያና ውሃ የያዘ ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ አነሳችና፣ በእንግሊዝኛዋ ዋትስ ዚስ፣ ይሄ ምንድን ነው አለችኝ። አንቺ ስታርፊ ገና በዳዴ ነበረች። እንዲህ መያዝን ከየት አመጣችው? ቸኩዬ ውሃ ነው ልላት ነበር፤ አንቺ ትዝ አልሽኝና ተውሁት። እስቲ አብረን እንየው አልኋት። እሷ እስከጠየቀች ድረስ፣ እማዬ፣ እኔ አንቺን አልረሳም።

ልጅሽ