ከገበሩ ሥር

ጥቅምት 9 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፈኛል። ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ፖስታ አዳዩ በር ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ እርስዎና ልጅዎ ስልክ የሚባል ነገር አልሰማችሁም?» ብሎ ሳቀብኝ። «የስልክ ወሬ ደግሞ አይነበብም» አልኩት። እውነቴን ነው። የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ ነው የማነበው፤ አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለድምፅሽ፣ አንዴ ደግሞ ማንበብ መቻሌ ራሱ ደስ ስለሚለኝ። የአሁኑን ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ቅድሚያ የእናት ነገር ልጨርስ። ሰልፍ ለመታዘብ በወጣሽ ቁጥር ያን ጠባብ ጫማ አታድርጊ። ሰልፈኛው ወዲያ፣ ፖሊሱ ወዲህ ሲራወጥ አንቺ መሀል ቆመሽ ሰዓትሽን እያየሽ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ ይታየኛል። «እማዬ፣ መርማሪ አይሮጥም» ብለሽኝ ነበር። እሺ፣ አትሩጪ፤ ግን ቶሎ ቶሎ ተራመጂ። «ሚዛኑ» የምትሉት ባልደረባሽ ምሳ ስትረሺ ከራሱ እንደሚያካፍልሽ ስለጻፍሽልኝ መርቄዋለሁ። የኮቱ ገበር ተቀዷል ያልሽውን ላኪልኝ፤ እሰፋለታለሁ።

አሁን ወደ አስተማሪዋ ጉዳይ ልምጣ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አስተማሪዎች ሰልፍ በወጡ ቀን፣ ወድቃ ሳለ በዱላ ተመትታ አንድ ዓይኗ የጠፋባት ሴት መዝገቧ አንቺ ጠረጴዛ ላይ መድረሱን ጽፈሻል። አድማ በታኞቹ በሙሉ የትከሻ ቁጥራቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው ስለነበር የመታት ሰው አልታወቀም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታወቀም መዝገቡ ይዘጋል። እሷ ግን በየሐሙሱ ቢሯችሁ ትመጣለች። «ካሳም እስርም አልጠይቅም፤ ማን እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሽማግሌ ሁሉ እሱ ይሆን እያልኩ ማየት ሰለቸኝ» ያለችሽን ሳነብ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

ኤግዚቢት ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከመታት ሰው ትከሻ ነጥቃ ሆስፒታል እስክትደርስ ከጭብጧ ያልለቀቀችው አንድ ጥቁር የቁጥር መሸፈኛ ልባስ አለ አልሽ። ለቀልድም፣ «እማዬ፣ ስፌቱን ብታዪው ያንቺን ይመስላል፤ እንዲህ የሚቀመቅም ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» ብለሻል።

ልጄ፣ የኔ ነው።

ያኔ አራት ዓመትሽ ነበር። አባትሽ አንድ ጠዋት ከአድማ በታኞቹ ካምፕ ጥቅል ጥቁር ጨርቅ ይዞ መጣ። «ለቁጥሮቻችን ልባስ ስፊልን፤ ዝናብ ቀለሙን እያጠበው ተቸግረናል» አለኝ።

«ለስንት ሰው?»

«ለአርባ።»

«አርባ ወንድ አንድ ዝናብ ፈርቶ!» ብዬ ሳቅሁበት። አርባውንም ጥንድ በሦስት ቀን ጨረስኩለት። «ሚስቴ ናት የሰፋችው» ሲላቸው ሰምቼ ኮርቻለሁም።

ማንም ያላዘዘኝን አንድ ነገር ግን ጨመርኩ። የሰዉ የትከሻ ልክ ስለሚለያይ ስሰፋ እንዳይደባለቅብኝ፣ ያንቺን ሹራብ ምልክት እንደማደርግበት፣ የእያንዳንዱን ቁጥር በነጭ ክር ከገበሩ ሥር ጠለፍኩትና ገበሩን ዘጋሁበት። ፊደልም ቁጥርም አላውቅም ነበር፤ አባትሽ ለልክ ያመጣልኝ የየሰዉ የቁጥር ሰሌዳ ላይ ያለውን እንደ አበባ ጥልፍ እያየሁ ገለበጥኩ። ለእሱም አልነገርኩትም። ሰፊ ውስጡን አያወራም።

በሰልፉ ቀን ጀምበር ሳትጠልቅ አባትሽ ሲመለስ የቀኝ ትከሻው ባዶ ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኩት።

«ነፋስ ወሰደው። ሌላ ስፊልኝ።»

የዚያን ቀን ነፋስ አልነበረም። ያሰጣሁት ልብስ ገመዱ ላይ ንቅንቅ አላለም፤ አንቺ ከሥሩ ተቀምጠሽ ትጫወቺ ነበር። እኔ ግን አዲስ ጥንድ ሰፋሁለት። የቀረውን የግራውን የክር መሳቢያዬ ውስጥ ጣልኩት።

ትምህርት ቤት ስትገቢ ከኋላሽ ተቀምጬ ፊደል እንደለቀምኩ ታውቂያለሽ። ብቻዬን አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነገር ያ መሳቢያ ውስጥ ያነጠፍኩት አሮጌ ጋዜጣ ነበር። «ቁጥራቸው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ስለነበር ማንነታቸውን መለየት አልተቻለም» ይላል። አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ «ጥቁር ጨርቅ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አንቺ ከጎኔ ሆነሽ «ጎበዝ እማዬ!» ብለሽ አጨበጨብሽልኝ።

አባትሽ ያኔ በሕይወት ነበር። አልጠየቅኩትም። ከሞተ በኋላ ደግሞ፣ ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ እያልኩ ራሴን ደለልኩ። አንቺ ይህን ፖሊስን የመመርመር ሥራ ስትጀምሪ፣ «ፖሊስ ሁሉ እንደ አባዬ እንዲሆን ነው» አልሽኝ። እኔም መርቄ ሸኘሁሽ።

አባትሽ ይወድሽ ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ትኩሳት ሲይዝሽ ደረቱ ላይ አስተኝቶሽ፣ ክንዱ እስኪደነዝዝ አይነቃነቅም ነበር። ትከሻው ላይ ተቀምጠሽ ቁጥሩን በጣትሽ እየነካሽ ስትጠሪለት እንደ ሕፃን ይስቅ ነበር። ይሄም እውነት ነው፣ ያም እውነት ነው። አንዱን በሌላው መሸፈን ግን ከእንግዲህ አልችልም። በሕይወቴ የሸፈንኩት ይበቃኛል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሳጥን ውስጥ ያለውን ልባስ አንቺ አትንኪው፤ ሚዛኑ ይፍታው፣ ሌላ ሰውም ቆሞ ይይ። ደንባችሁ መዝገቡ ከእጅሽ ይውጣ የሚል ከሆነ አስረክቢ፤ አትከራከሪ። በመቀስ እንዳይቆርጠው ንገሪው። ከአጭሩ ጎን በመርፌ ጫፍ ሦስት ስፌት ቢያነሳ ገበሩ ይከፈታል። የሰፋሁትን፣ ያየሁትንና ያልጠየቅሁትን በሌላ ወረቀት ላይ በሙሉ ስሜ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ቃል ስጪ ካሉኝ ጉልበቴን እየለመንኩ እመጣለሁ። አስተማሪዋ ሐሙስ ስትመጣ ደህና ወንበር አቅርቢላት። ይቅርታ በልጅ እጅ አይላክም፤ እሱን ራሴ ይዤላት እመጣለሁ።

ጥንዱን፣ የግራውን፣ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። እኔ አልፈታሁትም። ሚዛኑ ሲፈታው ጠጋ ብለሽ ማየት አያስፈልግሽም፤ ፊደል ሳታውቂ በፊት በቃልሽ የያዝሽው ቁጥር ነው።

እግርሽን እንቅፋት አይምታብኝ። እጅሽ የጀመረው ይቅናልሽ። እውነት የሚናገር አፍሽን ፈጣሪ አያሳፍርብኝ፤ እኔ ያጣሁትን ድፍረት ለአንቺ አትርፎ ይስጥሽ። ብትቆጪኝም፣ ብታዝኚብኝም ጻፊልኝ። ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁ።

የምትሳሳልሽ እናትሽ