«ከበራ አላረጀም» ላሉን ኮሚቴ

ለተከበሩ አቶ ምናሴ ጥዑመ ልሳን
የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ጠዋት በገቡ ቁጥር ያለ ማንገራገር ለሚከፈትልዎ አዲሱ የቢሮዎ ኮምፒዩተር ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ በግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ኮምፒዩተር የማስተምር፣ በቅርቡ «ምስጉን ንብረት ጠባቂ» ብለው በወላጆችና በተማሪዎች ፊት የምስክር ወረቀት የሰጡኝ መምህርት ነኝ። መልኬን ረስተውት ከሆነ አይፈረድብዎትም፤ ወረቀቱን ስቀበል አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሰው ሁሉ ትሕትና መስሎት ይበልጥ አጨበጨበልኝ። ትሕትና አልነበረም፣ አፍሬ ነው። በዚያ ሰዓት ምክንያቱን ለመናገር አንደበቴ እምቢ ስላለኝ፣ በአደባባይ ለተሰጠኝ ምስጋና መልሱን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። የምስጋናዬ ዝርዝር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ኮሚቴዎ ስለ ሰጠን አጭርና ግልጽ መመሪያ አመሰግናለሁ። በሌላ መሥሪያ ቤት አንድ ኮምፒዩተር መቼ ይተካ የሚለው ጥያቄ ብዙ ራስ ያዞራል አሉ። ለመከፈት ምን ያህል እንደሚፈጅ ያያሉ፣ መለዋወጫው ገበያ ላይ ይገኝ እንደሆነ ያጠያይቃሉ፣ ዛሬ የሚሠራባቸውን ፕሮግራሞች መሸከም መቻሉን ይፈትሻሉ፣ ደጋግሞ ከመጠገን አዲስ መግዛት ይሻል እንደሆነ ቁጭ ብለው ይመክራሉ። እርስዎ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ በአንድ ቃል ገላገሉን፤ ከበራ አላረጀም። ካላረጀ አይወገድም፣ ካልተወገደ ደግሞ ምትክ አይጠየቅም። ይህ መመሪያ ከደረሰን ወዲህ እኔም ባልደረቦቼም በጉዳዩ ላይ ማሰብ አቁመን በሰላም እንኖራለን።

ሁለተኛ፣ ለዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ወደ እኛ ለሚልኳቸው አባላት ምስጋናዬ ይድረስ። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ቤቱን የማያሰናዳ፣ ገመናውን የማይሸፍን ሰው በእኛ አገር አይገኝም፤ እኛም ወጉን ጠብቀን እናሰናዳለን። ከዋዜማው ጀምሬ የአንዱን ማሽን ሆድ ዕቃ አውጥቼ ለሌላው እሰጣለሁ፤ በዚህ መልክ የፊተኛው መደዳ እንዲበራ አደርጋለሁ። የከተማችን ኮምፒዩተር ጠጋኝ አቶ አገኘሁ አንድ ቀን መጥቶ ቢያያቸው «መምህርት፣ የነዚህ መለዋወጫ እንግዲህ ከሬሳቸው ካልሆነ ከሌላ አይገኝም» ብሎኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዷል። ተማሪዎቼ አቧራውን ይወለውላሉ፣ የአማርኛዋ መምህርት በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ከየስክሪኑ አናት ላይ ታለብስልናለች፣ እኔም ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በፊት ገብቼ አበራቸዋለሁ፤ ያኔ ካልተጀመሩ እንግዶቹ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ሻይ ጠጥተው እስኪወጡ አይደርሱም። እንግዶቹም በራፍ ላይ ቆመው መብራቱን ያያሉ፣ ዳንቴሉን ያደንቃሉ፣ «አገልግሎት ላይ ያለ» ብለው ይጽፋሉ፣ ይመርቁናል። ከመካከላቸው አንድም ሰው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ስሙን ለመጻፍ ሞክሮ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጨዋነት ዛሬ ከየት ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ያለ ኮሚቴዎ ርዳታ ሊገኝ ስለማይችለው የክፍላችን ሥርዓት አመሰግናለሁ። የጢስ ዓባይ ማመንጫ እዚሁ ጎረቤታችን ሆኖ መብራት ሄድ መጣ ማለቱን ስላልተወ፣ እነዚህ የበረቱ ሽማግሌዎች በየመሐሉ ድንገት ይጠፋሉ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ደንግጦ ቁልፉን ቢጫነው ማሽኑ ጨሶ ክፍሉን በቃጠሎ ሽታ ሞላው። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ ደንብ ለጠፍሁ፤ ያለ መምህርቷ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው፣ ስክሪኑ ከጠፋ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው። ልጆቹ የሚለማመዱት ካርቶን ላይ በሣልነው ኪቦርድ ነው። የኮምፒዩተርን ክፍሎች በቃል ቢጠይቋቸው እንደ ዳዊት ይደግሙልዎታል። ንብረቱ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ዘዴ ነው፤ የምስክር ወረቀቱም የተሰጠኝ ለዚሁ ነው።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ለማስቀመጥ አልቻልሁም፤ እንዲሁ ልንገርዎ።

ትንቢት ገብረ መስቀል የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ መሪጌታ ገብረ መስቀል በጣና ዳር ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ የሚያገለግሉ፣ ቤታቸውን ከከተማው ዳር ሰባታሚት ያደረጉ የቅኔ ሰው ናቸው። ልጅቷ የታዘዘችውን ሳታጓድል መፈጸምን ከቤቷ ይዛው የመጣች ናት። ከሰባታሚት እየተመላለሰች አርፍዳ አታውቅም፣ ከክፍሏ የሚቀድማት አልነበረም፣ ሐኪም እሆናለሁ ስትል የሚስቅባት ሰው አላየሁም። አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን በኮምፒዩተር እንዲወስዱ ከተመደቡት አንዷ ሆነች። የኮምፒዩተር መምህርቷ እኔ ነኝና ደረቴን ነፍቼ ሸኘኋት።

በፈተናው አዳራሽ የሆነውን ያጫወተችኝ ራሷ ናት። ረጅሙን የእንግሊዝኛ ምንባብ በጥሞና ስታነብ ስክሪኑ ድንገት ጠፋ። አልተበላሸም። አዲስ ማሽን ለጥቂት ጊዜ የሚነካው ሰው ሲያጣ ያሸልባል፤ ማውሱን ወዝወዝ ሲያደርጉት ይነቃል። እርስዎም ከምሳ በተመለሱ ቁጥር የሚያደርጉት ነገር ነው። ትንቢት ግን እጇን ከጠረጴዛው አንሥታ ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። ፈታኙ ከአዳራሹ ማዶ ዞሮ እስኪደርስ ድረስ በጨዋ ደንብ ጠበቀች። እሱም ሲያልፍ ማውሱን ነካ አደረገላትና በራ፤ እሷም በሙያው አንድ ነገር የጠገነላት መስሏት አመስግናው ንባቧን ቀጠለች። ደግሞ ጠፋ። ደግሞ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። በሌሎቹም ፈተናዎች ያው ሆነ፤ ረጋ ብላ ባሰበች ቁጥር ስክሪኑ ይጠፋባታል፣ በጠፋባት ቁጥር እኔ ያስተማርኋትን ታደርጋለች። ሰዓቱ ሲያልቅ መልሳቸውን የምታውቃቸው ጥያቄዎች ሳይነኩ ቀርተው ነበር። ማለፊያው ነጥብ ለጥቂት አመለጣት።

ከዚያው ክፍል አብረዋት የተፈተኑ ልጆች አሉ። እኔ ፊቴን ሳዞር ማሽኖቹን ሲነካኩ እየያዝሁ የምቀጣቸው ነበሩ። ያልታዘዙኝ አለፉ፣ የታዘዘችኝ ወደቀች። ሌሊት ተነሥቼ ይህን ሳስበው ብቻዬን በጨለማ ሆኜ ፊቴ ይቃጠላል።

የምስክር ወረቀቱ በሚሰጠኝ ቀን ዋዜማ መሪጌታ ገብረ መስቀል ትምህርት ቤት መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን በመስኮት አየሁ። ይወቅሱኛል ብዬ መልስ አሰናዳሁ፤ ስለ መመሪያው፣ ስለ ኮሚቴው፣ ከእኔ አቅም በላይ ስለ መሆኑ ልነግራቸው ነበር። እሳቸው ግን ምንም አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝና «መምህርት፣ ያን ያህል ደክመውባት ልጄ አሳፈረችዎ፤ ስለ እሷ ይቅርታ ልጠይቅዎ መጣሁ» አሉኝ። ከጓሯቸው የለቀሙትን የዘይቱን ፍሬ በፌስታል አስጨበጡኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «ምንም አይደል» ብቻ አልሁ፤ ይቅርታ የተጠየቅሁት እኔ፣ ይቅር ያልሁትም እኔ ሆንሁ። ዘይቱኑን ተቀበልሁ፤ በማግሥቱ ደግሞ ከእርስዎ እጅ ወረቀቱን ተቀበልሁ። እንግዲህ አንገቴን የደፋሁት ለዚህ ነበር።

ስለሆነም የሚከተለውን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ከእንግዲህ ለቆጠራ ብዬ አንድም ማሽን አላበራም፣ ዳንቴሉም ለባለቤቷ ተመልሷል። የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ ለማሽኖቹ ይገባቸዋል። ራስን መጠበቅ ከዚህ በላይ ምን ይሁን፣ እስከ ዛሬ የነካቸው የለም። ስለ ማርጀት ለሚነሣውም ጥያቄ እኔ በበኩሌ የደረስሁበትን ልጨምር፤ ኮምፒዩተር አረጀ የሚባለው ልጆች እንዳይነኩት መከልከል የጀመርን ዕለት ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የእኛዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ተዝካራቸውም አልፏል። መለኪያውን ከመመሪያዎ ጋር አያይዘው ለአባላቱ እንዲያነቡልኝ፣ ማሽኖቹም እንዲወገዱልን በትሕትና እለምናለሁ።

ለሰጡኝ ክብር ሳልበቃ የተጨበጨበልኝ፣ ለሚበሩት ንብረቶችዎ ታማኝ ዘበኛ ሆኜ የኖርሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና እየዋለ እያደረ ከሚብስ ሐፍረት ጋር፣

የብርጓል አምባቸው
የኮምፒዩተር መምህርት

ግልባጭ፦ በመጪው ዓመት በኮምፒዩተር ለሚፈተኑ ልጆች ወላጆች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትንቢት ዘንድሮ በግል ተመዝግባ እንደገና ትፈተናለች። የምትለማመድበት ማሽን እኔ ዘንድ ስለሌለ፣ እርስዎ ለምሳ በሚወጡበት ሰዓት በቢሮዎ ኮምፒዩተር እንድትጠቀም እንደሚፈቅዱላት ለአባቷ ነግሬያቸዋለሁ። ሳላስፈቅድዎ መናገሬ ድፍረት ነው፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ «ምንም አይደል» ልላቸው አልቻልሁም። መሪጌታ ደስ ብሏቸው የክርስትና ስምዎን ጠየቁኝ፤ እኔም ከሚያውቅዎ ሰው አጣርቼ ሰጠኋቸው። ካለፈው እሑድ ጀምሮ በጸሎታቸው ስምዎን እያነሡልዎ ነው። ምናልባት ፈቃድዎ ካልሆነ ቤታቸው ሰባታሚት ነው፤ ሄደው ጸሎቱን እንዲያቆሙ እርስዎ ይንገሯቸው፣ እኔ አፍራለሁ።