ስለ አውራ ዶሮህ፣ ስለ ሻለቃ

ታደሰ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልሱን የምሰማበት ጆሮ የለኝም። ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ይጠፋል፣ የኦምዱርማን ሙቀትም አንተን አጣሁ ብሎ አልቀነሰም። የምጽፍልህ ግን ስለዚያ ስላሳደግከው ጉድ ነው፤ ስለ ሻለቃ።

አንተ እያለህ እንደ ማንም አውራ ዶሮ ነበር። ይጮሃል፣ አራቱን ሴቶች ያስከትላል፣ የኒሙ ዛፍ ሥር አፈር ይታጠባል። የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ ወዲህ ግን ሰይጣን ገባበት። መጀመሪያ የጠላው መጥረጊያዬን ነው። ቀጥሎ ባልዲዬን፣ ቀጥሎ ቀሚሴን፣ በመጨረሻ እኔኑ። አንድ ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ በጎን በጎኑ ይመጣና ጀርባዬን ሳዞር ጠብቆ ይዘላል። ከእግሩ ኋላ ያለችው ሹል ጥፍር ስንቴ ባቴን ቀደደችው መሰለህ!

መከረኝ ሰው ሁሉ። በመጥረጊያ መታሁት፤ ባሰበት። ውኃ ደፋሁበት፤ ባሰበት። ሮጥኩ፤ እሱማ ሠርጉ ሆነ። ኋላ ላይ ለዶሮዎቹ ማሽላ ለመበተን የድስት ክዳን እንደ ጋሻ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር። ይቅር በለኝ፣ አፌ ነው።

እስከዚህ ድረስ የኔና የሱ ጉዳይ ነበር። ጎረቤታችን ሃጃ ዘይነብ ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የከበደው።

አንተና ነፍሱን ይማረውና ባሏ አንድ ዓርብ የጋራ ግንባችንን ነድላችሁ ያቺን የቆርቆሮ በር ካበጃችሁ ወዲህ፣ ሃጃ በፊት ለፊት በር መጥታብን አታውቅም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በዚያች በር ሻይ በወተት በትሪ ይዛ ትገባልኝ ነበር። ደጅ ባለው የገመድ አልጋ፣ አንገሬቡ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጥና እኔ ተሰባብሮ በቀረው ዐረብኛዬ፣ እሷ ከኔ በለቀመችው አማርኛ እናወጋለን። አንዳንድ ቀን አንተን አንሥተን አብረን እናለቅሳለን፤ ኋላም ያላ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ ብላ ትቆጣኛለች። ልጅ አልወለድን፣ ዘመድ አገር ቤት ነው። የሰው ድምፅ ወደኔ የሚመጣው በዚያች በር ነበር።

አንድ ጠዋት ትሪዋን እንደያዘች ከኋላዋ ዘሎ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ወጋት። ብርጭቆው ተሰበረ፣ ሻዩ ፈሰሰ። እሷ ሳቀች፤ ወላሂ ይህ ዲክ፣ ይህ አውራ ዶሮ ሳይሆን ወታደር ነው አለች። ግን ስኳር እንዳለባት ታውቃለህ። ቁስሉ እምቢ አለ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ሐኪሞቹ እግሯን እያዩ ፊታቸውን ማጥቆር ጀመሩ። ያቺ አምና የምትባለው ሴት ልጇ በሩን በነሱ በኩል ቀረቀረችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መዓለሽ ኻልቲ፣ ይቅርታ አክስቴ፣ ይህ ዶሮ በግቢሽ እያለ በሩ አይከፈትም፣ የእናቴን እግር አላስቆርጥም አለችኝ። እውነቷን ነው።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት የሚባለው ደረሰብኝ። በሩም ያንተ እጅ ሥራ፣ ዶሮውም ያንተ እጅ ሥራ። ከጫጩትነቱ ጀምሮ በኪስህ ይዘኸው ስትዞር አይቻለሁ። ገበያ ወስጄ ልሸጠው አልኩና ልቤ እምቢ አለ፤ የማላውቀው ሰው ከሚበላው እዚሁ ይታረድ አልኩ።

ይታረድ። በማን እጅ? እኔ በእናት በአባቴ ወግ ሴት ነኝና ቢላ አላነሣበትም። የሃጃ ወንድ ልጅ በግንቡ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ አሁኑኑ ልረድልሽ አለኝ፤ እሱ ቢስሚላህ ብሎ ካረደው ግን እኔ አልቀምሰውም። የኛ ሰው በስመ አብ ብሎ ቢያርደው ደግሞ እነሱ አይቀምሱትም። አንተ፣ እግዜር የለየብን ሥጋውን እንጂ ጨዉን አይደለም ትል ነበር። በፋሲካ ከኛ ድፎ ዳቦና እንቁላል ይሄዳል፣ በዒድ ከነሱ ብስኩትና ተምር ይመጣል፤ ሥጋ ግን ያቺን በር ተሻግሮ አያውቅም። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገባ። ወይ ጉድ! ሻለቃ በሁለት ሃይማኖት መካከል ገብቶ ነፍሱን አሰነበተ።

በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ግርማ፣ በቀዳም ሥዑር ከቀትር በኋላ ከካርቱም ድልድዩን ተሻግሮ መጥቶ ሊያርድልኝ ቃል ገባ። እስከዚያ ይዤ ማቆየት የኔ ፋንታ ሆነ።

እንዴት ልያዘው? ሳጥኑን ከፈትኩና ጋቢህን አወጣሁ። እንዳይወጋኝ ብዬ ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ክንፉን እየጎተተ ሲመጣብኝ አልሮጥኩም፤ ጋቢውን ጣልኩበትና ከነእሱ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ወሸቅሁት። ታገለኝ። ክንዴን ነከሰኝ። ያኔ እጄ ሳላዘው አንገቱን ያዘና ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው።

ይህን የት አየሁት አልኩ። ያንተ ነው። ጠዋት ጠዋት ሳትታጠብ፣ ሳትጸልይ፣ መጀመሪያ የምታነሣው እሱን ነበር። በዚሁ ጋቢ ሸፍነኸው ግቢውን ትዞራለህ፤ ሲነክስህ አንገቱን ዝቅ አድርገህ ይዘህ ትቆማለህ፤ ዐይኑን ካልጨፈነ አታወርደውም። እኔ ደግሞ ሰው ልጅ ያቅፋል፣ የኔው አውራ ዶሮ ያቅፋል ብዬ እቀልድብህ ነበር። ቁጣውን የምታበርድበት ቅልጥ ያለ ሥራ ላይ እንደነበርክ በምን ልወቅ? አይ አንተ፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳትነግረኝ!

ግቢውን ዞርኩ። እንደገና ዞርኩ። ልቡ ጎኔን ሲደበድብ ቆየና ቀስ እያለ ሄደ፤ የዐይኑ ቆብ ከታች ወደ ላይ ተከደነ። ራሱን ክንዴ ላይ ጣለው። አንገሬቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ግርማ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲመጣ በዚያው አገኘኝ። አየኝ፣ ዶሮውን አየ፣ ጋቢህን ዐወቀው። ቢላውን መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተው። እንቁላል አስይዤ በመጣበት ሸኘሁት። ፋሲካን ዶሮ በሌለው ዶሮ ወጥ፣ በእንቁላሉ ብቻ ፈታሁ፤ ሻለቃ ደጅ ሆኖ ይጮህ ነበር።

አንድ ቀን ስላቀፍኩት መልአክ እንዳይመስልህ። በማግስቱም ዘለለብኝ። በማግስቱም አቀፍኩት። ያንተን ልማድ ልማዴ አደረግኩት፤ ጠዋት ጋቢውን አጣፋለሁ፣ እሱን አነሣለሁ፣ እዞራለሁ። ክዳኑ ወደ ድስቱ ተመለሰ። በሩ ግን እንደተቀረቀረ ነበር፤ በግንቡ ማዶ የሃጃን ሳል እሰማለሁ፣ ስለ እግሯ በመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ እጠይቃለሁ። ቁስሉ እየደረቀ ነው ሲሉኝ ለሷ ሻማ አበራሁ፤ ለሙስሊም ሻማ ይበራል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሳምንት ሻለቃን አቅፌ ስዞር መቀርቀሪያው ሲንቋቋ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ሃጃ ትሪ ሳትይዝ፣ በሁለት እግሯ ቆማለች። ልጇ አምና ከኋላዋ ዱላ ይዛለች፤ አልፈርድባትም። ሃጃ ቀጥ ብላ መጣችና አናቱን በጣቷ አከከችለት። እሱ ዐይኑን እንኳ አልገለጠም። ኋላ ሁለታችንንም አንድ ላይ፣ እኔንም እሱንም ከነጋቢህ፣ ጥብቅ አድርጋ አቀፈችን።

ታዴ፣ ለቅሶህ ካለፈ ወዲህ ሰው አቅፎኝ አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ልቤ ደነገጠ። ኋላ እኔም እንደሱ ፀጥ አልኩ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ ለሚረሳ ሰው ነው። በነጋ ቁጥር ጋቢህን ለብሼ አውራ ዶሮህን አነሣለሁ። አሁን እየጮኸ ነው፤ ሃጃም ሻዩን ይዛ ልትመጣ ነው። ልነሣ።

ያንተዋ፣
አልማዝ