ሞተሩ ምን ቀለም ነበር

ኮቨንትሪ
ኦገስት 12 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.

ለልጄ ለኔቪል፣

እንዴት ከርመሃል ብዬ አልጠይቅህም። ደህና ነኝ ብለህ ጽፈሃል፤ ደህና ሁን። እኛም አለን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፤ እኔን የሚያመኝ አንተ ነህ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለገና ካርድ ብቻ ስትልክ ኖረህ፣ ዘንድሮ ደግሞ የቀለም ካርድ? ለእኔ? ከፖስታው አወጣሁት። ሦስት ዓይነት ቀይ ተደርድሮ፣ መሃለኛው በእስክሪብቶ ተከቦ፣ ከሥሩ «አባዬ፣ ሞተሩን ከመቀባትህ በፊት ይህን እየው። ሙቀት የሚችል ቀለም ይሁን፤ መጀመሪያ ዘይቱን በደንብ አስለቅቅ» ይላል። ዘይቱን አስለቅቅ! አስራ ዘጠኝ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ የአርደን መኪናን ሞተር አረንጓዴ ስቀባ የኖርኩት እኔ ነኝ። አንተ ሳትወለድ የጀመርኩትን ሥራ በፖስታ ታስተምረኛለህ?

አሮጌዋን አርደን መኪናዬን ለአሮጌ መኪኖች ማኅበር የበጋ ትርኢት እንደማዘጋጅ የነገረችህ እናትህ ናት። ስልክ የምትደውለው እኔ ጓሮ የምሆንበትን ሰዓት ጠብቀህ መሆኑንም አውቃለሁ። ፈሪ።

ያኔ ያደረግኩትን አልረሳሁም። አስራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። እኔ ሆዴን ተቀድጄ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ ሞተሩን ቀይ ቀብተህ ጠበቅከኝ። ያየሁት የማኅበሩ ትርኢት ላይ፣ ሜዳው መሃል ኮፈኑን ስትከፍተው ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩህ።

«የጥንት ቀለሟ ነው አባዬ። ከዲናሞው ሥር አገኘሁት።»

«ቀይ ሥር አስመስለህ ነው የቀባሃት! ቀለም ሳታውቅ የእኔ ልጅ ነኝ አትበል!» አልኩና የቀለም ማስለቀቂያ ጣሳ ከፍቼ ሰው ሁሉ እያየ ደፋሁበት። ሰዉ ሳቀ። በወሩ ካናዳ ገባህ።

እንግዲህ ካርድህን ምድጃ ውስጥ ልከተው ስል እናትህ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ከተሳሳተ ፈትሸህ አሳፍረው። ማቃጠል ምን ይባላል?» አለች። እሺ፣ ላሳፍረው ብዬ ጋራዥ ገባሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሞተሩን የምንቀባው ዲናሞው ሳይገጠም ነበር። ስለዚህ ዲናሞውን ከያዘው ብረት ሥር ያለውን ቀለም ከዚያ ወዲህ ብሩሽም ማስለቀቂያም አይነካውም። ሁለቱ ብሎኖች አልፈታ ብለው ግማሽ ቀን ፈጁብኝ። ብረቱ ሲነሳ ከሥሩ አውራ ጣት የምታህል ቦታ ታየች። ቀይ ናት።

«ዝገት ነው» አልኩ።

እናትህ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። ጨርቅ ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክራ ፈተገችው። ጨርቁ በእድፍ ጠቆረ፤ ቀዩ ግን ይበልጥ ፈካ።

«ዝገት ያብረቀርቃል እንዴ ሆራስ?»

«አንቺ ስለ ቀለም ምን ታውቂያለሽ?»

«እኔማ ምንም አላውቅም። ልጅህ ግን ያውቅ ነበር።»

ሁለት ቀን አላነጋገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ኤርኒ ሂንክስ ዘንድ ሄድኩ። ኤርኒን ታውቀዋለህ፤ ፋብሪካ ያስገባኝ የድሮው አለቃዬ። አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የአረጋውያን ቤት ይኖራል። ጆሮው ቢደክምም አእምሮው ምንም አልሆነ። አንተ መሳሳትህን ከአፉ ሰምቼ ልመለስ ነበር የሄድኩት።

«ኤርኒ፣ የአርደን ሞተር ሁልጊዜም አረንጓዴ አልነበረም?» አልኩት።

እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። «አንተ ልጅ፣ አንተ የገባኸው በሃምሳ ስድስት! አረንጓዴው የመጣው በሃምሳ አምስት መጨረሻ ላይ ነው። ያንተ መኪና የሃምሳ ሦስት አይደለችም? ያኔማ ቀይ ነበር። በዚህ እጄ ስንት ሺህ ቀብቻለሁ!»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ለመሆኑ አሁን ማን ነገረህ?»

«ልጄ።»

ሳቁ ጠፋ። «ያ ያባረርከው?»

«አላባረርኩትም፤ ራሱ ነው የሄደው» አልኩ። ኤርኒ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እስክወጣ ድረስ አላየኝም።

ስለዚህ ሞተሩን ላጥኩት። ዘይቱን ሁለት ጊዜ አስለቀቅኩ፤ አንተ ስላልክ ሳይሆን ሥራው እንደዚያ ስለሆነ። ቀለም ሻጩ ለቤት በር የሚሆን ቀለም ሊሸጥልኝ ሲል፣ አንድ ቀን መኪናዋ ብትነዳ ተቃጥሎ እንደሚላጥ ነግሬው ትክክለኛውን አስቀዳሁ። ከካርድህ ላይ የላይኛው ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ይመስላል፤ የታችኛው ቡናማ ነው። መሃለኛውን፣ ሳልልጥ ከተውኳት ከዚያች ቀይ ቦታ አጠገብ ሳደርገው ድንበሩ ጠፋብኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት ቀብቼ፣ አድርቄ፣ ቀዩን ሁለት ጊዜ ሳሳ አድርጌ ደረብኩበት። የጭስ መውጫውን ሳልቀባ ተውኩት። ያኔ አንተም ትተኸው ነበር። ያን ያስተማረህ ማን እንደሆነ ደግሞ አትርሳ።

ትርኢቱ ትናንት ነበር። ዳኛዋ ጊሊያን ፓርኪስ የምትባል፣ አዲስ፣ ጥንቅቅ ያለች ሴት ናት። ኮፈኑን ከፍታ ወረቀቷን አየች፤ ሞተሩን አየች፤ ተመልሳ ወረቀቷን አየች።

«ሚስተር ቢድል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀለሙ ልክ አይደለም። መመሪያው አረንጓዴ ነው የሚለው።»

«የማን መመሪያ?»

ገልብጣ አሳየችኝ። «የእርስዎ።»

እውነቷን ነው፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። አንተ ከሄድክ በኋላ ለማኅበሩ የጻፍኩት ነው፤ ቀይ የሚቀባ ሁሉ ነጥብ እንዲቀነስበት። የሚያውቁን ሰዎች ተሰበሰቡ። ያ ወፍራሙ ሬጅ ሰምነር «ሆራስ፣ ዘንድሮስ ማስለቀቂያ አልያዝክም?» ብሎ አሳቃቸው።

«ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው አያውቅም» አልኳት። «ልጄ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ያውቅ ነበር። እዚህ ሜዳ ላይ ነገረኝ፤ እዚሁ ሜዳ ላይ አዋረድኩት። ጻፊው።»

«የትኛውን ልጻፍ?» አለች ግራ ገብቷት።

«ሁሉንም።»

ሬጅ እንኳ አልሳቀም። ነጥቡ ግን ተቀነሰብኝ፤ መመሪያው ገና አልተሻረማ። አራተኛ ወጣሁ።

በዚህ ደግሞ እንዳትኮራ። ያኔ በቀባኸው ሞተር ላይ ከኋላ በኩል ወርዶ የደረቀ የቀለም ጠብታ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትደውል አንድ ቀን «አባዬን አቅርቢልኝ» አለማለትህንም አልረሳሁትም።

የእናንተ አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል አሉ፤ ወፍራም ኮት ግዛ። ሚስትህን ሰላም በልልኝ። ትንሿን ልጃችሁን እግዚአብሔር ያሳድጋት፤ ጤናዋን ይስጣት፤ ግትርነቱን ግን ከማናችንም አትውረስ።

እናትህ ከትከሻዬ በላይ እያነበበች ነው። «አንዲት ቃል ቀርታሃለች» ትለኛለች። ወረቀቱ አልቋል አልኳት። ከዚህ በታች ያለውን ግማሽ ገጽ አልቀደድኩትም፤ ባዶውን እንዳለ ልኬልሃለሁ።

አባትህ
ሆራስ ቢድል